አንባቢ ይጠይቃል፦ ገመድ አልባ ኢንተርኮም በቤት ውስጥ

ፎቅ ላይ ያለ ሰው በጠሩ ቁጥር መጮህ ወይም የውጭ በር በተንኳኳ ቁጥር ደረጃ መውረድ የሰለቻቸው አንባቢዎች ስለ ገመድ አልባ ኢንተርኮም የላኳቸውን ጥያቄዎች በዚህ እትም ሰብስበናል። ወደ መልሶቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንበል። ኢንተርኮም የሚመረጠው ቤቱን አይቶ ነው። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን፣ ድምፁን የሚሰማው ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቁ ሱቅ የገቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይገዛሉ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ኢንተርኮም ካርቶን «1,000 ሜትር ይደርሳል» ይላል። ቤታችን ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ከታችኛው ማዕድ ቤት እስከ ላይኛው መኝታ ቤት 15 ሜትር አይሞላም። ሆኖም ድምፁ ይቆራረጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም። ዕቃው ብልሽት አለበት ማለት ነው?

መልስ፦ ብልሽት ላይኖረው ይችላል። 1,000 ሜትር የሚለው ቁጥር የሚገኘው ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ሁለቱ ዕቃዎች እየተያዩ ሲለካ ነው። ቤት ውስጥ ከርቀቱ ይልቅ ሞገዱን የሚበላው በመካከል ያለው ነገር ነው። ችፑድ፣ ጂፕሰም ቦርድና ተራ መስኮት ብዙም አይጋርዱም። ብሎኬትና ጡብ መጠነኛ ድርሻ ይወስዳሉ። ፌሮ የታሰረበት የኮንክሪት ሶለታ ግን ከባድ ነው። የብረት በር፣ ቆርቆሮ፣ ትልቅ የመልክ መስተዋት (ጀርባው ብረት የተቀባ ነው)፣ ፍሪጅ እና ውሃ የሞላ ታንከር ደግሞ ሞገዱን ሙሉ በሙሉ ሊያስቀሩት ይችላሉ። የእርስዎ 15 ሜትር ውስጥ አንድ ሶለታና ምናልባትም አንድ ፍሪጅ አለ።

ዕቃውን ከመመለስዎ በፊት እነዚህን ይሞክሩ። የታችኛውን ዕቃ ከማዕድ ቤቱ ጥግ አውጥተው ወደ ደረጃው አቅጣጫ ያቅርቡት፤ ላይኛውንም እንዲሁ። ሶለታውን ሰብሮ ማለፍ ያቃተው ሞገድ በደረጃው ክፍተት በኩል ይወጣል። ከወለሉ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ከፍሪጅ፣ ከማይክሮዌቭና ከብረት መደርደሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ያርቁት። ሞገዱ ግድግዳን ፊት ለፊት ቢያልፍ ይሻላል፤ በሰያፍ ካለፈ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ግድግዳ እንደ 40 ሳንቲ ሜትር ሊሆንበት ይችላል። ሁለቱን ዕቃዎች የሚያገናኝ መስመር በሐሳብዎ ይሳሉና የትኞቹን ግድግዳዎች እንዴት እንደሚቆርጥ ይዩ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። አብዛኞቹ የዛሬ ዲጂታል ኢንተርኮሞች በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ፤ በዚህ ፍሪኩዌንሲ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ በቀጥታ ከመጣው ጋር ሲገናኝ አንዱ ሌላውን የሚያጠፋባቸው ቦታዎች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም የሚራራቁት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃውን አንድ ስንዝር ወደ ጎን ማንሸራተት ብቻ የሞተውን ግንኙነት ሊያስነሳው ይችላል። ይህን ሳይሞክሩ ግድግዳ አይብሱ።

ሙከራው የሚሠራው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ቦታው ላይ ይቆይና ከ1 እስከ 10 ይቁጠር፤ ሌላው ሁለተኛውን ዕቃ ይዞ ከክፍል ክፍል ይዙር፤ ቁጥር የጠፋበትን ቦታ ይጻፍ። ከዚያም ሁሉንም በሮች ዘግታችሁ፣ ማይክሮዌቩን አብርታችሁ፣ እንዲሁም ጎረቤት ሁሉ ዋይፋዩን በሚጠቀምበት ምሽት ላይ ድገሙት። የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራው እዚያው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ምግብ ሲሞቅ ብቻ የሚቆራረጥ ኢንተርኮም ምክንያቱ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ዕቃውና ቤቱ አልተገጣጠሙም። ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ (ለምሳሌ 446 ሜጋኸርዝ) ኮንክሪትን በተሻለ ሁኔታ ያልፋል። ወይም በየፎቁ የዋይፋይ ማሰራጫ ካለዎት በዋይፋይ የሚሠራውን ይያዙ፤ ያኔ ሶለታውን የሚሻገረው ኢንተርኮሙ መሆኑ ይቀርና የዋይፋይ መረቡ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ገና አልገዛሁም። ሳሎን፣ ማዕድ ቤት፣ ሦስት መኝታ ቤትና ከግቢው ጀርባ አንድ ክፍል አለን። ገበያ ላይ ዓይነቱ በዛብኝ። ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ በአራት ይከፍሏቸው።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ወይም ሶኬት ላይ የሚሰካው፣ ቁልፍ ተጭነው የሚናገሩበት የሬዲዮ ኢንተርኮም ነው። ራውተርም ሆነ ስልክ አይፈልግም፤ ከካርቶን አውጥተው ቻናል ሰጥተው ወዲያው ይሠራሉ። ልጅም ሽማግሌም ይጠቀምበታል። ጉዳቱ የብዙዎቹ ንግግር የተራ መሆኑ ነው፤ አንዱ ቁልፉን ሲጫን ሌላው መናገር አይችልም። ሁለቱም ባንድ ጊዜ የሚያወሩበት ዓይነት ከፈለጉ ካርቶኑ ላይ «ፉል ዱፕሌክስ» የሚል ይፈልጉ።

ሁለተኛው ብዙዎች ኢንተርኮም መሆኑን የማያውቁት ነው፦ በ«ዴክት» ቴክኖሎጂ የሚሠራ ገመድ አልባ የቤት ስልክ። ሁለትና ከዚያ በላይ እጀታ ያላቸው ሞዴሎች ከእጀታ ወደ እጀታ መደዋወያ አላቸው፤ ለዚህ የስልክ መስመር መክፈል አያስፈልግም፤ ዋናው ማስቀመጫ መብራት ካገኘ ይበቃል። አብዛኛው ማስቀመጫ እስከ 6 እጀታ ይቀበላል። ቤት ውስጥ 50 ሜትር፣ ገላጣ ላይ 300 ሜትር ያህል ይደርሳል። የራሱ የፍሪኩዌንሲ ክልል ስላለው ዋይፋይና ማይክሮዌቭ አይረብሹትም፤ ንግግሩም እንደ ስልክ ሁለቱም ወገን ባንድ ጊዜ ነው። እርስዎ በገለጹት ዓይነት ቤት፣ ምስል ካላስፈለገዎት፣ እኛ መጀመሪያ የምንመክረው ይህንን ነው። ድክመቱ ተጠሪው እጀታውን አንስቶ ቁልፍ መጫን ያለበት መሆኑ ነው፤ ሊጥ ያቦካ እጅ ይህን አይወድም።

ሦስተኛው በዋይፋይ የሚሠራው ነው። ምስል ያሳያል፤ ስልክዎም ላይ ይደውላል። ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ኢንተርኔት ሲቋረጥ ክፍል ከክፍል ያገናኛል?» አንዳንዱ ሳሎንና ማዕድ ቤትን ለማገናኘት እንኳ ድምፁን ወደ አምራቹ ሰርቨር ልኮ ይመልሳል። እንዲህ ያለው ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ዲዳ ይሆናል።

አራተኛው ድምፁን በቤቱ የመብራት መስመር ውስጥ የሚልከው ነው። «ገመድ አልባ» የሚባለው አዲስ ገመድ ስለማይዘረጋ እንጂ የሚሄድበት ሽቦስ አለው። ስለዚህኛው ቀጥሎ አንድ አንባቢ ጠይቀውናል።

ጥያቄ፦ ሶኬት ላይ የሚሰካው ኢንተርኮማችን በዋናው ቤት ክፍሎች ውስጥ ግሩም ነው። የጓሮው ክፍል ውስጥ ስንሰካው ግን ዝም ይላል። ዕቃዎቹን ብንቀያይርም ያው ነው።

መልስ፦ ዕቃዎቹን መቀያየርዎ ትክክለኛው የመጀመሪያ እርምጃ ነበር፤ ችግሩ የዕቃው ሳይሆን የመስመሩ መሆኑን አሳይቷል። ቤታችሁ ባለ ሦስት ፌዝ (ሦስት የተለያዩ የኃይል መስመሮች የገቡለት) ከሆነ የጓሮው ክፍል በሌላ ፌዝ ላይ ሳይሆን አይቀርም። የዚህ ዓይነት ኢንተርኮም ምልክት ከአንዱ ፌዝ ወደ ሌላው በቀላሉ አይሻገርም። ፍቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ማከፋፈያ ሳጥኑን ከፍቶ የዚያን ክፍል ብሬከር ዋናው ቤት ወዳለበት ፌዝ ቢያዛውረው ሊፈታ ይችላል፤ ጭነቱ በአንዱ ፌዝ ላይ እንዳይበዛ አስቀድሞ ማስላት ግን የእሱ ሥራ ነው። እርስዎ ሳጥኑን አይክፈቱ።

ኤሌክትሪሻን ከመጥራትዎ በፊት ግን ዕቃው በምን ላይ እንደተሰካ ይዩ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ ሳጥን) እና መብረቅ መከላከያ ያለው ዲቫይደር ውስጣቸው ማጣሪያ አለ፤ ማጣሪያው የኢንተርኮሙን ምልክት እንደ ጩኸት ቆጥሮ ያስቀረዋል። ዕቃውን ግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ ይሰኩት። ድምፁ ቢደርስም የማያቋርጥ እዝዝ የሚል ድምፅ ከተሰማዎት የስልክ ቻርጀሮችንና የኤልኢዲ አምፖሎችን አንድ በአንድ እየነቀሉ ይፈልጉት፤ ርካሽ ቻርጀር መስመሩን ይረብሻል።

እግረ መንገዳችንን፦ በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ያለ ጎረቤት ተመሳሳይ ዕቃ ካለው ሊሰማችሁ ይችላል። ምሥጢር የሚወራበት መሣሪያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ የማናውቀው ሰው ንግግር በኢንተርኮማችን ይገባል። «የግል ኮድ» ቀየርን፤ እሱ ጠፋ። አሁን ግን የእኛው ንግግር ይቋረጣል። እሱስ እኛን ይሰማናል?

መልስ፦ አዎ፣ ሊሰማችሁ ይችላል። «የግል ኮድ» የሚለው ስም ብዙ ሰው አሳስቷል። በተራ የአናሎግ ሬዲዮ ላይ ኮዱ ድምፁን አያመሰጥርም። ከንግግሩ ጋር ጆሮ የማይለየው ዝቅ ያለ ቃና ይላካል፤ የእርስዎ ዕቃ ያ ቃና የሌለበትን ንግግር ስፒከሩ ላይ እንዳይወጣ ያፍነዋል፤ በቃ። ሞገዱ አሁንም ቻናሉ ላይ አለ። ሰውየው ሲናገር እርስዎ ባይሰሙትም ቻናሉን ይዞታል፤ ንግግራችሁ የሚቋረጠው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ኮድ ሳይሆን ቻናል መቀየር ነው። መጀመሪያ ኮዱን ያጥፉ፤ ቻናሎቹን አንድ በአንድ ምሽት ላይ ለ10 ደቂቃ ያዳምጡ፤ ዝም ያለውን ይምረጡ፤ ሁሉንም ዕቃዎች ወደዚያ ያዛውሩ፤ በመጨረሻ ኮዱን ይመልሱ። ከሻጩ የመጣውን ቻናል 1 አይጠቀሙበት፤ ሌላውም ሰው ያለው እዚያው ነው። ንግግሩ በእርግጥ እንዲመሰጠር ከፈለጉ የሚፈልጉት ዲጂታል ዕቃ ነው፤ መመሪያው ላይ «ኢንክሪፕሽን» የሚል ቃል በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ቁልፍ ስጫን ከባድ ፉጨት ይነሳል። ምንድን ነው?

መልስ፦ የአንዱ ስፒከር ድምፅ ወደ ሌላው ማይክሮፎን ገብቶ እየዞረ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ክፍል ውስጥ ወይም ክፍት በር ባላቸው ጎረቤት ክፍሎች ውስጥ ይሆናሉ። አራርቋቸው፣ በሩን ዝጉ፣ የተቀባዩን ድምፅ ቀንሱ። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሞከረ ሰው ሁሉ ይህን ፉጨት ይሰማል፤ ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ቃል ሁልጊዜ ይጠፋል። «አትምጣ» ስል «ምጣ» ተብሎ ይሰማል፤ ተጣልተንበታል።

መልስ፦ ቁልፉን ይጫኑ፣ አንድ ሰከንድ ይቁጠሩ፣ ከዚያ ይናገሩ። ጨርሰውም ግማሽ ሰከንድ ቆይተው ይልቀቁ። ማስተላለፊያው ተነሥቶ ተቀባዩ እስኪነቃ ጊዜ ይፈልጋል። ቁልፍ ሳይጫኑ በድምፅ ብቻ የሚነሣውን ስልት ከሆነ የሚጠቀሙት መጥፋቱ የባሰ ነው፤ መጀመሪያ የተጠሪውን ስም ጠርተው መልእክቱን ቀጥሎ የመናገር ልማድ ቤተሰቡ ውስጥ ያስገቡ። ስሙ ቢቆረጥም መልእክቱ ይድናል። ከማይክሮፎኑ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀው በተለመደ ድምፅ ይናገሩ፤ ተጠግቶ መጮህ ንግግሩን ያደበዝዘዋል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኮሙም ይጠፋል፤ በብዛት የምንፈልገው ግን ያኔ ነው። ፓወር ባንክ ላይ ቢሰካ ስንት ሰዓት ይቆያል?

መልስ፦ ዕቃዎ በ5 ቮልት የዩኤስቢ ገመድ የሚሠራ ከሆነ ይቻላል፤ ስሌቱም ቀላል ነው። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ያ ቁጥር የተሰላው ውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ባትሪ ነው፤ ስለዚህ የያዘው ጉልበት 37 ዋት ሰዓት ነው። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር 15 በመቶ ያህል ቢባክን 31 ዋት ሰዓት ይቀራል። ተጠባባቂ ሆኖ 0.2 አምፔር የሚስብ ኢንተርኮም በ5 ቮልት 1 ዋት ይበላል። እንግዲህ 30 ሰዓት ገደማ ያቆየዋል፤ ንግግር ከበዛ ያንሳል። የእርስዎ ዕቃ ስንት እንደሚስብ ለማወቅ በመካከል የሚሰካ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ይበቃል። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው 1 አምፔር መስጠት የሚችለው ጣሪያ እንጂ ዕቃው ሁልጊዜ የሚወስደው አይደለም።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚወጣበት ኃይል በጣም ትንሽ ሲሆን «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ ኢንተርኮሙም ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ይሞታል። ሁለተኛ፣ ሁሉም ፓወር ባንክ እየተሞላ ኃይል አይሰጥም፤ ከሰጠም መብራት ሲመጣና ሲሄድ ለቅጽበት ያቋርጣል። ስለዚህ ሰክተውት ከመሄድዎ በፊት አንድ ሌሊት ይፈትኑት፤ አዳፕተሩን ነቅለውም ዕቃው እንዳልጠፋ ይዩ።

የዋይፋይ ኢንተርኮም ያላችሁ ራውተሩንም አትርሱ። ኢንተርኮሙ ቆሞ ራውተሩ ከወደቀ ዋጋ የለውም። ብዙ ራውተሮች በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ ለእነሱ የሚሆን 12 ቮልት የሚያወጣ አነስተኛ የራውተር ዩፒኤስ አለ።

የዴክት እጀታ ያላቸው ደግሞ አንድ ነገር በጥብቅ ይያዙ። ውስጡ ያለው ባለ 1.2 ቮልት፣ ተመልሶ የሚሞላ ኒኬል ባትሪ ነው። ሲያረጅ በሱቅ ተራ ድንጋይ (አልካላይን፣ 1.5 ቮልት) አይተኩት፤ ማስቀመጫው ሊሞላው ሲሞክር ይፈስሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። መብራት ሲጠፋ እጀታው ባትሪ ቢኖረውም ማስቀመጫው ስለሚጠፋ ብዙዎቹ ሞዴሎች እርስ በርስ አይደዋወሉም። መጠባበቂያ ኃይል የሚያስፈልገው ለማስቀመጫው ነው።

ጥያቄ፦ ለውጭ በር ምስል የሚያሳይ ኢንተርኮም መግጠምና በሩን ከሳሎን መክፈት እንፈልጋለን። በሩ ብረት ነው፤ ከቤቱ 30 ሜትር ይርቃል። ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ከደህንነቱ እንጀምር፤ ብዙ ገጣሚ የሚስተው እሱን ነው። የበሩን ቁልፍ የሚከፍተው ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ውጭ ባለው ደወል ውስጥ ከሆነ፣ ማንም ሰው ሁለት ቡሎን ፈትቶ፣ ደወሉን ነቅሎ፣ ወደ ቁልፉ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ቢያነካካ በሩ ይከፈታል። ስለዚህ ሪሌዩ ውስጥ፣ ከአጥሩ ወዲህ መሆን አለበት። ስትገዙ «የሚለይ ሪሌይ» ወይም ሪሌዩ ከቤት ውስጥ ስክሪኑ ጋር ያለውን ጠይቁ።

የቁልፉ ዓይነት ቀጥሎ ይመጣል። ኃይል ሲያጣ የሚከፈት አለ፣ ኃይል ሲያጣ እንደተዘጋ የሚቀር አለ። የማግኔት ቁልፍ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ መብራት ሲጠፋ በሩ ይከፈታል። ለግቢ በር የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ ከውስጥ ግን ያለ መብራት በእጅ የሚከፈት እጀታ የግድ ይኑረው። እሳት ቢነሣ ማንም ሰው ቁልፍ ፍለጋ መሮጥ የለበትም።

ሽቦው ላይ አይቆጥቡ። 12 ቮልት ላይ 1 አምፔር የሚስብ ቁልፍ መጠምጠሚያው 12 ኦም ነው። 30 ሜትር ሄዶ የሚመለስ ሽቦ 60 ሜትር ይሆናል። ለዳታ በሚሠራው 0.2 ካሬ ሚሊ ሜትር ቀጭን መዳብ ብትዘረጉ ሽቦው ብቻውን 5 ኦም ይይዛል፤ ቁልፉ ጋ የሚደርሰው 8.5 ቮልት ብቻ ነው። ይንቀጠቀጣል እንጂ አይከፍትም። በ0.5 ካሬ 10.2 ቮልት፣ በ1 ካሬ 11 ቮልት ይደርሳል። 1 ካሬ ወይም ከዚያ በላይ ይዘርጉ፤ ብዙ ቁልፎች ከ1 አምፔር በላይ በቅጽበት ስለሚስቡ 1.5 ካሬ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ለቁልፉና ለደወሉ የተለያየ አዳፕተር ይስጡ፤ በአንዱ ከተዳበሉ ቁልፉ ሲስብ ቮልቱ ይወርድና ካሜራው ጠፍቶ ይነሣል።

ቁልፉ በዲሲ (እንደ ባትሪ ባንድ አቅጣጫ በሚፈስ ኃይል) የሚሠራ ከሆነ መጠምጠሚያው ኃይል ሲቋረጥበት የሚረጨው ከፍተኛ ቮልት የሪሌዩን ጫፍ ያቃጥላል። 1ኤን4007 የሚባለውን ዳዮድ (ኃይልን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) በቁልፉ ሁለት ጫፎች ላይ፣ ነጭ መስመር ያለበት ጎኑን ወደ ፖዘቲቭ አድርጋችሁ ግጠሙ። ቁልፉ በኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ኃይል) ከሆነ ግን ዳዮድ አይገባም፤ መስመሩን ሾርት ያደርገዋል።

ካሜራው ከ145 እስከ 155 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጠዋትም ማታም ፀሐይ ፊት ለፊት በማትመታበት በኩል ይሁን። የብረት በሩ ላይ አይግጠሙት፤ ከጎኑ ያለው ምሰሶ ላይ ያድርጉት። ብረቱ ከጀርባው ከሆነ ሞገዱ ወደ ቤቱ አይደርስም። በዚህ ምክንያት የግድግዳ ሳጥኑም ፕላስቲክ መሆን አለበት። ለዝናብ ደረጃው አይፒ65 የሆነውን ይምረጡ። ሲሊኮን ሲቀቡ ከላይና ከሁለቱ ጎኖች ብቻ ይቀቡ፤ ከታች ክፍት ይተዉት። ዙሪያውን የደፈኑት ዕቃ ውስጡ የተጠራቀመው ላብ መውጫ ያጣና ካሜራውን ያጨልመዋል። ሽቦውም ከታች ይግባ፤ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ይርገብ፣ ውሃ ተከትሎት እንዳይገባ።

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ምስሉን አይቶ ሳያነጋግሩ መክፈት የተለመደ ስህተት ነው። ልጆች የመክፈቻ ቁልፉን እንዳይነኩ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ያብሩት። ዕቃው ከፋብሪካ የመጣበትን የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ 80 ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ታች ያድራሉ። ኢንተርኮም ገዛንላቸው፤ ድምፁን እስከ ጫፍ ብንጨምረውም «አይሰማኝም» ይላሉ።

መልስ፦ እናትዎ እውነታቸውን ነው። በዕድሜ መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭን ድምፅ የመስማት አቅም ነው፤ የ«ሰ»ን፣ የ«ፈ»ን፣ የ«ተ»ን ልዩነት የሚነግረን እሱ ነው። ትንንሽ ስፒከር ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ ስለዚህ ስፒከሩ የሚያወጣው ቀጭኑ ድምፅ እሳቸው መስማት ያቃታቸው ነው። እስከ ጫፍ ሲጨመር ደግሞ የስፒከሩ ድምፅ ይቀዳደዳል። ሰፋ ያለ ስፒከር ያለው ዕቃ ይፈልጉ፤ ድምፁን ከሦስት ሁለት እጁ ላይ ያቁሙት፤ ከራስጌያቸው 1 ሜትር ያህል፣ ከቴሌቪዥንና ከማራገቢያ ርቆ ይቀመጥ። ሲደወል መብራት ብልጭ የሚል ከሆነ የበለጠ ይረዳል። እርስዎም ዝግ ብለው፣ ወፈር ባለ ድምፅ፣ አጭር አጭር ይናገሩ።

እሳቸው የሚጫኑት አንድ ቁልፍ ብቻ ይሁን። ሌሎቹን በፕላስተር ይሸፍኗቸው፤ ያንኑ አንዱን በቀለም ያጉሉት። ዕቃው «ሁሉንም ጥራ» የሚል ቁልፍ ካለው እሱን ይምረጡላቸው፤ ማን የት እንደሆነ ማስታወስ አይጠበቅባቸውም።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ይህንን ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለ ኢንተርኮም ወለል ላይ ለወደቀ ሰው አይደርስም። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ወይም እጅ ላይ የሚታሰር የመጥሪያ ቁልፍ ይጨምሩላቸው፤ ውሃ የማያስገባ ይሁን፣ ምክንያቱም መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ሊያወልቁት አይገባም። ካልሆነ ሽንት ቤቱና አልጋው አጠገብ፣ ከወለሉ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በባትሪ የሚሠራ መጥሪያ ይለጥፉ። በሳምንት አንድ ቀን አብረዋቸው ይፈትኑት።

ጥያቄ፦ ኢንተርኮሙን ሌሊት የሕፃኑ ክፍል ውስጥ ክፍት አድርገን እንሰማበታለን። ችግር አለው?

መልስ፦ ለዚህ «ሞኒተር» ወይም በድምፅ የሚነሣ ስልት ያለው ዕቃ ይስማማል። ድምፅ የመያዝ ስሜቱን (ሴንሲቲቪቲ) መካከለኛ ላይ ያድርጉት፤ ከፍ ካለ የማራገቢያ ሹክሹክታ ሌሊቱን ሙሉ ይቀሰቅሳችኋል፣ ዝቅ ካለ ደግሞ የሕፃኑ ለስላሳ ልቅሶ ያልፋችኋል። ዕቃውና ገመዱ በሙሉ ከአልጋው ቢያንስ 1 ሜትር ይራቁ። ገመድ አልጋ አጠገብ ማለፉ ሕፃን አንገት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። ክፍሉን የምትጠብቅ ወይም የሚጠብቅ ሰው ካለም ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ንገሩ፤ ሳያውቅ የሚደመጥ ሰው በቤቱ ውስጥ ሊኖር አይገባም።

ጥያቄ፦ ዘመድ ከውጭ አገር ኢንተርኮም ላከልኝ። እዚህ ልጠቀምበት?

መልስ፦ ሁለት ነገር ሳያዩ አይሰኩት። አንደኛ አዳፕተሩ ላይ ያለውን «ኢንፑት» ያንብቡ። 100–240 ቮልት ካለ ችግር የለም፤ 120 ቮልት ብቻ ካለ 220 ላይ ወዲያው ይቃጠላል። መውጫው ተመሳሳይ ቮልትና ተመሳሳይ ወይም የሚበልጥ አምፔር ያለው ሌላ አዳፕተር ይግዙለት፤ የመሰኪያው ፖዘቲቭ መሐል ይሁን ውጭ አስቀድመው ያስተያዩ።

ሁለተኛው ፍሪኩዌንሲው ነው። ለአሜሪካ የተሠሩ የዴክት ስልኮች ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ላይ ያስተላልፋሉ፤ ለአውሮፓ የተሠሩት ከ1880 እስከ 1900 ላይ። በብዙ አገሮች የአሜሪካው ክልል ለሞባይል ስልክ የተሰጠ ነው፤ ስለዚህ የእርስዎ ኢንተርኮም የሠፈሩን የሞባይል ኔትወርክ ሊረብሽ ይችላል። ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ የሚሠሩትም እንዲሁ ናቸው። የሚኖሩበት አገር የቴሌኮም ተቆጣጣሪ የፈቀደውን ክልል ያጣሩ፤ ካልተፈቀደ ዕቃው ቢሠራም አያብሩት። 2.4 ጊጋኸርዝ ግን በአብዛኛው ዓለም ያለ ፈቃድ ለአነስተኛ ኃይል መሣሪያ ክፍት ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት አሮጌ ስማርት ስልኮች አሉኝ። አፕሊኬሽን ጭኜ በዋይፋይ እንደ ኢንተርኮም ልጠቀምባቸው ስል አይተያዩም።

መልስ፦ ሁለቱ በ«እንግዳ» ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ራውተሩ ሆን ብሎ እርስ በርስ እንዳይገናኙ ይለያያቸዋል። ወደ ዋናው ኔትወርክ ያዛውሯቸው፤ ወይም ራውተሩ ውስጥ «ኤፒ አይሶሌሽን» የሚለውን ያጥፉ። ቀጥሎ የስልኩን የባትሪ ቁጠባ ከዚያ አፕሊኬሽን ላይ ያንሡ፤ አለበለዚያ ስክሪኑ ሲጠፋ አፕሊኬሽኑም ይተኛል። ቀን ከሌት ቻርጀር ላይ የሚኖር አሮጌ ስልክ ባትሪው ሊያብጥ ይችላል፤ በቀን ለሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ የሚያበራ ሰዓት ቆጣሪ ሶኬት ላይ ይሰኩት፤ ጀርባው መነሣት ከጀመረ ወዲያው ነቅለው ከቤት ያውጡት።